የሂልዲንግ ኮከብና የሮቦቱ ዓይን

ውድ አስታ፣

ዳሌሽ እየዳነ መሆኑን እኅትሽ ሲግኔ ነገረችኝ። ያለ ምርኩዝ ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት መሄድ መጀመርሽንም ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን ስለ ዳሌሽ አይደለም።

ለገና ወደ ቤት አልመጣም ብለሻል። ምክንያቱንም ሲግኔ አልደበቀችኝም። ልጅሽ ቱሬ ላም ለሚያልበው ሮቦት ሲል አባቱ ከቆርቆሮ የሠራውን የገና ኮከብ መብራት ከበረቱ መስኮት አውርዶ ጥሏል፤ የሂልዲንግን የእጅ ሥራ በብረት ክንድ ከለወጠ ሰው ጋር የገና ማዕድ አልቀርብም፤ እዚሁ ጎተንበርግ እኅቴ ቤት እቀራለሁ ብለሻል። ወሬውን ያደረሰችሽ ጎረቤታችን ቬንዴላ መሆኗን አውቃለሁ። ወተት ልትወስድ በረት ገብታ ኮከቡን ባልዲ ውስጥ አይታዋለች። ያየችው እውነት ነው። ከዚያ ደውለሽ "አውርደኸዋል ወይ?" ስትዪው ቱሬ "አዎ" ብሎሻል። እሱም እውነት ነው። ሁለቱ እውነቶች ተደምረው ግን ትክክለኛውን መልስ አልሰጡሽም። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል እጽፍልሻለሁ። አንቺም እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትፈርጂ እለምንሻለሁ።

ቱሬ ከልጅነቱ ጀምሮ መልሱ አጭር ነው። የፊዚክስ ፈተና ስሰጠው ውጤቱን በትክክል ይጽፍና "እንዴት እንዳገኘኸው አሳይ" የሚለውን ቦታ ባዶ ትቶ ያስረክበኝ ነበር። በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ ነጥብ ቀነስኩበት፤ አልተማረበትም። እንግዲህ ባዶውን ቦታ ዛሬ እኔ ልሙላለት።

በመጀመሪያ አንድ የማታውቂው ነገር አለ። ምራትሽ ሚርያ እንድነግርሽ ፈቅዳልኛለች፤ ባሏን ግን አላስፈቀድነውም። የቱሬ ቀኝ ትከሻ ተበላሽቷል። እጁን ከደረቱ በላይ ማንሳት አይችልም። ሐኪሙ ዕድሜ ልክህን እያጎነበስክ የማለቢያ ዕቃ ስታነሳና ስትሰቅል ያመጣኸው ነው፤ ወይ ማለቡን ትተዋለህ ወይ እጅህ ይተውሃል ብሎታል። ሮቦቱን የገዛው ለዚህ ነው። አንቺ የዚያን ጊዜ ሆስፒታል ነበርሽ፤ ሊያስጨንቅሽ አልፈለገም። ሂልዲንግ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሮቦት እንደማይፈልግ ደግሞ እኔም አልረሳሁም። "እኔ እዚህ ቆሜ እያለሁ የብረት ክንድ ላሞቼን አይነካም" ሲል ሰምቼዋለሁ። አንቺም ነበርሽ፤ የድንች ልጣጭ የሞላ ሳህን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሽ ነበር። ይህን አልክድም። ሂልዲንግ ግን ያንን ሲናገር የልጁ ትከሻ ደኅና ነበር።

አሁን ወደ ኮከቡ እመጣለሁ።

በኖቬምበር መጨረሻ ለቱሬ ደውለሽ ከገና በፊት ካሉት አራት የአድቬንት እሑዶች ከመጀመሪያው በፊት ኮከቡን እንዲሰቅል ነግረሽው ነበር። በምዕራቡ መስኮት፣ በዚያው መንጠቆ ላይ። አምፖሉም ጓዳ ውስጥ በሳጥን ካስቀመጥሻቸው ከድሮዎቹ አንዱ እንዲሆን አዘሽዋል። የድሮው አምፖል ከገበያ ሲወጣ አገሩ ሁሉ ገዝቶ ሲያከማች አንቺም ያከማቸሻቸውን ማለቴ ነው። አዲሶቹ ብርድ ብርድ ይላሉ ብለሽዋል። ቱሬም እንዳልሽው አደረገ። ሚርያ መሰላሉን ይዛለት በግራ እጁ ሰቀለው። ከዚያ ወርዶ ግቢው ጫፍ ድረስ ሄደና ቀጥ ማለቱን አየ፤ ወደ ቀኝ ዘምሞ ስለነበር ተመልሶ ወጥቶ አስተካከለው። ይህን የማውቀው ከወጥ ቤቴ መስኮት ስላየሁት ነው። የእኔ ወጥ ቤት ከእናንተ በረት ፊት ለፊት፣ ከማሳው ማዶ መሆኑን ታውቂያለሽ። የማታውቂው፣ በየዓመቱ ኮከቡ ሲበራ አይቼ እራቴን መሥራት እንደምጀምር ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው አንድ ነገር ካልጠራው በቀር መቼ መብላት እንዳለበት አያውቅም።

ሮቦቱ የቆመው ከዚያው መስኮት ሥር ነው፤ ሂልዲንግ ባልዲውን ያስቀምጥበት በነበረው ቦታ ላይ። አይተሽው ስለማታውቂ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ፤ ያለዚያ የቀረው ነገር አይገባሽም። ላሟ መታለብ ስትፈልግ ራሷ ትገባለች። መኖ ይቀርብላታል። እሷ ስትበላ ክንዱ ከሆዷ ሥር ይገባና አራቱን ጡቶቿን ፈልጎ ማግኘት አለበት። ይህን የሚያደርገው በብርሃን ነው። ለመረዳት ከፈለግሽ ጠረጴዛሽ ላይ ወንፊት ያዢና ከላይ ባትሪ አብሪበት። በጠረጴዛው ላይ የብርሃን ነጥቦች በረድፍ ይደረደራሉ። አሁን ከነጥቦቹ ሥር አንድ ድንች አስቀምጪ። ረድፉ ድንቹ ላይ ሲደርስ ይጎብጣል። ከጎን ሆነሽ የጎበጠውን ረድፍ ብቻ እያየሽ ድንቹ የት እንዳለና ምን ያህል እንደሚያክል መናገር ትችያለሽ። ሮቦቱም እንዲሁ ነው። አንደኛው ዓይኑ ነጥቦችን ይረጫል፤ ሌላው ዓይኑ፣ ካሜራው፣ ነጥቦቹ የት ጋ እንደጎበጡ ያያል። ነጥቦቹ ኢንፍራሬድ በሚባል ብርሃን የተሠሩ ስለሆኑ የእኛ ዓይን አያያቸውም፤ ላሟንም አይረብሿትም።

መጸው ሙሉ ያለ ችግር ሠራ። ላሞቹ ለመዱት። ቱሬ ከስንት ዓመት በኋላ ተቀምጦ ቁርስ መብላት ጀመረ። ከዚያ አድቬንት ገባ።

ከአድቬንት ጀምሮ ሮቦቱ ቀን ቀን እንደ ወትሮው ያልባል፤ ሲጨልም ግን እምቢ ይላል። በዚህ ወራት ደግሞ ጨለማው ከምሳ ብዙም ሳይርቅ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። ክንዱ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ይመለሳል። ስክሪኑ ላይ "እንቅፋት አለ" የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ላሟ ሳትታለብ ትወጣለች። በጨለማ መታለብ የለመዱት ላሞች ግታቸው አብጦ ይጮኹ ጀመር። ከሁሉም የባሰባት ማይሮስ ነበረች፤ ያቺ እናቷ ስትሞትባት ወጥ ቤትሽ ውስጥ በጡጦ ያሳደግሻት። ቱሬ በዚያ ትከሻው እንደገና በእጁ ማለብ ጀመረ። ሮቦቱን ወደሸጠለት ቢሮ ሲደውል የተሰጠው መልስ፣ አንዳንድ ላሞች ለሮቦት አይመቹም፣ ይቀየሩ የሚል ነበር። ማይሮስ ትቀየር ማለት ወደ ቄራ ትሂድ ማለት መሆኑን ለአንቺ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ሮቦቱን የሚጠግነው ባለሙያ ቶርኬል መጀመሪያ የመጣው በእኩለ ቀን ነው። ሮቦቱ በፊቱ ላሞቹን አንድ በአንድ አለበ። ቶርኬል "ቡና ልትጋብዙኝ ፈልጋችሁ ከሆነ ዝም ብላችሁ ብትጠሩኝ ምን ነበረበት" ብሎ ሄደ። ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ በጨለማ እንዲመጣ ተነገረው፤ መጣ። ያን ቀን እኔም ወተት ልወስድ ሄጄ ስለነበር ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ቶርኬል ጥሩ ባለሙያ ነው፤ ይህን እንድታውቂ እፈልጋለሁ። የካሜራውን መስታወት ወለወለ። የበረቱን መብራቶች በሙሉ አስጠፋ። የመንገዱ መብራት ከውጭ ገብቶ እንዳያሳስት ብሎ የምዕራቡን መስኮት በመኖ ጆንያ ለመሸፈን ወሰነ። ጆንያውን ለመስቀል ኮከቡን ከመንጠቆው አነሳ፤ ጆንያውን መስታወቱ ላይ አጣብቆ ወጠረና ኮከቡን መልሶ ከፊቱ አንጠለጠለው። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ቀጥ ማለቱንም አየ። ከዚያ በጨለማው በረት ውስጥ፣ በኮከቡ ብርሃን የሮቦቱን ክዳን ፈታ። ሚርያ ያመጣችለትን፣ ለገና የምንጋግረውን የሳፍሮን ዳቦም በዚያው ብርሃን በላ። እኔም ኮከቡን አይቼ ዘንድሮ አምሮበታል ብዬ አስቤያለሁ።

የሌላ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ ገና ከበሩ "ያ መብራትስ?" ይል ነበር። እኛ ግን በዲሴምበር በየመስኮቱ ኮከብ እያየን ያደግን ሰዎች ነን። መብራት አጥፉ ሲባል ኮከብ የሚያጠፋ ሰው በአገራችን አላውቅም።

ቶርኬል ሮቦቱ የሚያየውን በስክሪኑ አሳየን። የማይሮስ ሆድ በግራጫ ቀለም ይታያል፤ የኋላ እግሮቿም። በክንዱና በላሟ መካከል ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጠርዙ የማይለይ፣ አንዴ የሚሳሳ አንዴ የሚወፍር ነገር።

"እዚህ ጋ የሆነ ነገር ቆሟል ነው የሚለው" አለ ቶርኬል። "ክንዱ እሱን እንዳይመታ ብሎ ነው የሚቆመው። ከጠየቃችሁኝ የተበላሸ ነገር የለውም፣ እየተጠነቀቀ ነው።"

ሁላችንም ቦታውን አየነው። ባዶ ነው። የሂልዲንግ የባልዲ ቦታ ነው።

ሚርያ ቀልድ ስትጀምር የት ማቆም እንዳለባት እንደማታውቅ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። "በቃ አባትህ ነዋ" አለችው ቱሬን። "'እኔ እዚህ ቆሜ እያለሁ' ብሎህ የለ? ይኸው መጥቶ ቆመልህ። ሰውየው እንደሆነ ቃሉን አያጥፍም።"

ቶርኬል ሳቀ። ቱሬ ግን አልሳቀም። በእጁ የያዘውን መፍቻ ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወጣ። ሚርያ "አፌን ምን ነካው" ብላ ልትከተለው ስትል እኔ ልሂድ አልኳትና ተከተልኩት። በረቱ ጀርባ፣ በረዶው ላይ ቆሞ ነበር። ትከሻውን በሌላው እጁ ይዞታል።

"ልመልሰው ነው፣ ቲቸር" አለኝ። እስከ ዛሬ ቲቸር እያለ ነው የሚጠራኝ። "ማሽኑን ወስዳችሁ ያገኛችሁትን ስጡኝ እላቸዋለሁ። ላሞቹንም እሸጣለሁ። አባዬ ካልፈለገ አልፈለገም።"

እኔ በሙታን መንፈስ አላምንም። ቱሬም አያምንም። ግን ሰው ሁለት ሳምንት በደንብ ሳይተኛ ሲቀር የሚያምነውንና የማያምነውን አይመርጥም። ስለ አባቱ ምንም አላልኩትም። ያልኩት ይህን ነው፦ "ማሽን ከምንም ተነስቶ ነገር አይፈጥርም። አየሁ ካለ የሆነ ነገር አይቷል። ያየው ምን እንደሆነ ሳናውቅ አይመለስም። እስከ ነገ ታገሠኝ።"

"ነገ ምን ያደርጋሉ?" አለኝ።

"ገና አላውቅም" አልኩት። እውነቴን ነበር።

ቤት ገብቼ ያሰብኩት በቀላሉ ነው። ካሜራው የሚያየው ነጥብ ብቻ ነው። ነጥብ በሌለበት ቦታ ነገር ሊያይ አይችልም። እንግዲያው ባዶው ቦታ ላይ የሮቦቱ ያልሆነ ነጥብ አለ ማለት ነው። ለእኛ የማይታይ፣ ለካሜራው ግን የሚታይ። ይህን ካልኩ በኋላ አንድ የድሮ ትምህርቴ ትዝ አለኝ። የቴሌቪዥን ሪሞት ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ አምፖል በዓይን ብናያት ምንም አይታይም፤ በአሮጌ የስልክ ካሜራ ካየናት ግን ሐምራዊ ብርሃን ታበራለች፤ ኢንፍራሬድ ስለሆነች። ተማሪዎቼን በየዓመቱ የማስደንቅበት ነገር ይህ ነበር። አሮጌዋን ስልኬን ከመሳቢያ አወጣሁና በሪሞቱ ሞከርኳት። አበራች።

በማግስቱ ሲጨልም በረት ሄድኩ። ሚርያ ብቻዋን ነበረች። ማይሮስ ሮቦቱ ውስጥ ቆማ መኖ ትበላለች፤ ክንዱ እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ቆሟል። ስልኬን አቀናሁ። በስክሪኗ ላይ የሮቦቱ ነጥቦች በማይሮስ ሆድ ላይ እንደ ጥልፍ ተደርድረው አየኋቸው፤ ጥቃቅን፣ ጥርት ያሉ፣ እኩል የተራራቁ። ሚርያን ሮቦቱን እንድታጠፋው ጠየቅኋት። አጠፋችው። ጥቃቅኖቹ ነጥቦች ጠፉ።

ሌሎች ቀሩ።

ስልኳ ተበላሽታ ነው ብዬ በመሐረቤ ወለወልኳት። አሁንም አሉ። ከሮቦቱ ነጥቦች ይበልጣሉ፤ ጠርዛቸው ይደበዝዛል። በማይሮስ ጎን፣ በብረቱ አጥር፣ በወለሉ ላይ ተበትነዋል። ከረድፎቹ አንዱ ቀጥ ብሎ ይመጣና መሀል ላይ ሦስት ነጥቦች ወደ ጎን ሸሽተው እንደገና ይስተካከላል። ያን ረድፍ አወቅሁት፣ አስታ። በላም ጎን ላይ ሐምራዊ ሆኖ ባየውም አወቅሁት።

በረዶው የመብራት ምሰሶዎቹን የጣለበት ክረምት ትዝ ይልሻል? ሂልዲንግ ወጥ ቤታችሁ ውስጥ በሻማ ኮከቡን ሲሠራ ቆርቆሮውን የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። ቀዳዳዎቹን በፈረስ ጫማ ሚስማር እየመታ፣ በማስመሪያ እየለካ ይበሳል። አንቺ ከውጭ እንጨት ይዘሽ ገባሽና ቀዝቃዛ እጅሽን ማጅራቱ ላይ አሳረፍሽበት። ጮኸና ሚስማሩ ሸሸበት፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ሳቁ እስኪያቆም ሦስቴ። ቆርቆሮውን ቀይረህ እንደገና ጀምር አልኩት፤ ታውቂኛለሽ፣ የተጣመመ መስመር አልወድም። "አይሆንም" አለኝ። "ይሄ የአስታ ረድፍ ነው። ይኑር።" እኔ የዚያን ቀን በበረዶው ላይ እየረገጥኩ ወደ ቤቴ ስመለስ ቀንቼባችሁ ነበር። ነግሬሽ አላውቅም፤ የሚነገርበት አጋጣሚም አልነበረም።

ቱሬ ከመኖ ማከማቻው ሲገባ መልሱን አልነገርኩትም። ተማሪ የሚያምነው ራሱ ያገኘውን ነው። ስልኩን ሰጠሁትና "ነጥቦቹ መዳፍህ ላይ እንዲያርፉ አድርግና ወደመጡበት ተከተላቸው" አልኩት። መዳፉን ከላሟ ጎን ላይ ዘረጋ። በስክሪኑ ላይ ነጥቦቹ መዳፉ ላይ ዐረፉ። እጁን ወደ ላይ ወሰደ፤ ነጥቦቹ እየቀረቡ፣ እየተሰባሰቡ መጡ። ቀኝ እጁ አልሄድ ሲለው ስልኩን ወደ ቀኙ አዛውሮ ግራውን አነሳ። መዳፉ ከኮከቡ ፊት ሲደርስ ቆመ።

"የእማዬ ረድፍ" አለ።

ከዚያ ሶኬቱን ነቀለ። ሚርያ ሮቦቱን መልሳ አበራችው። "እንቅፋት አለ" የሚለው ጽሑፍ ጠፍቶ ነበር። ክንዱ ገባ፣ አራቱንም ጡቶች አገኘ፣ ወተቱ በቱቦው መውረድ ጀመረ። ማይሮስ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። ሚርያ አንገቷን ወደ ጣሪያው ቀና አድርጋ "ይቅርታ አባባ፣ ስምህን አጥፍቻለሁ" አለች። ይህን ጊዜ ቱሬም ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን፣ "የሰቀልኩት እኮ እኔ ነኝ" አለኝ። "እማዬ እንዳለችው ነው የሰቀልኩት።"

ምክንያቱን በአጭሩ ልንገርሽ። የድሮው አምፖል ከሚታየው ብርሃን ይልቅ የማይታየውን ኢንፍራሬድ አብዝቶ ይረጫል። አንቺ ሙቅ ነው የምትዪው እሱን ነው፤ ትክክል ነሽ። የሂልዲንግ ቀዳዳዎች ደግሞ ያንን ብርሃን ነጥብ በነጥብ አድርገው ላሟ ላይ ያሳርፉታል፤ በዓይናችን ግን ደብዛዛ ጭላንጭል ብቻ ስለሆነ አላስተዋልነውም። ሮቦቱ የራሱን ነጥቦች ከሂልዲንግ ነጥቦች መለየት አልቻለም። የጎበጠ ረድፍ ሲያይ ከፊቱ የሆነ ነገር ቆሟል ብሎ ደመደመ። ቱሬ ቃልሽን ባይሰማና አዲሱን አምፖል ቢያስገባ ኖሮ፣ አዲሱ አምፖል ኢንፍራሬድ የለውም ማለት ይቻላልና፣ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ችግሩ የመጣው ልጅሽ የአባቱን ኮከብ ስለናቀ አይደለም። ልክ እንዳዘዝሽው ስለሰቀለ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቢው።

አሁን ስለ ባልዲው። ኮከቡ ከወረደ አይቀር ብሎ ቱሬ የስንት ዓመት የዝንብ ቆሻሻና የመኖ አቧራ ሊያጥብለት ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ዘፈዘፈው። ቬንዴላ የገባችው ያን ጊዜ ነው። ባልዲው ውስጥ ውሃ መኖሩን አይታ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ከታጠበ በኋላ ሚርያ አዲሱን ዓይነት አምፖል ገዝታ አስገባችበትና ሰቀለችው። ሮቦቱ ምንም አላለም፤ ሠራ። ጉዳዩ ተፈታ ብዬ ኮቴን ለበስኩ። ቱሬ ግን ግቢው ጫፍ ድረስ ሄዶ አየውና ተመለሰ።

"የጥርስ ሐኪም ቤት መስሏል" አለ። "እማዬ ይሄን አይታ ዝም አትልም።"

"እማዬ የለችም" አለችው ሚርያ።

"ስትመጣ ታያለች" አላት።

አዲሱን አምፖል ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ኮከቡ ሳይበራ ዋለ፤ አደረም። አንቺ የደወልሽለት በማግስቱ ጠዋት ነው። "አውርደኸዋል ወይ?" ስትዪው "አዎ" አለ። ስልኩን ዘጋሽበት። ባዶውን ቦታ እንዲሞላ ጊዜ አልሰጠሽውም፤ ብትሰጪውም አይሞላውም ነበር።

መፍትሔውን ያገኘችው ሚርያ ናት። ሮቦቱ በቀን የተወሰነ ጊዜ ራሱን ያጥባል። በዚያን ጊዜ ክንዱን አጥፎ፣ ዓይኑን ከድኖ፣ ቱቦዎቹን በሙቅ ውሃ ያጸዳል። ላም አያስገባም፤ ምንም አያይም። "ዓይኑን ከጨፈነ ምን ቸገረን?" አለች። ለቶርኬል ደውላ የትኛውን ገመድ ከየትኛው ጋር ማገናኘት እንዳለባት ጠየቀችው። ቶርኬል ነገሩን ሲሰማ ስልኩ ላይ ለረጅም ጊዜ እንደሳቀና የሳፍሮን ዳቦውን በየትኛው ብርሃን እንደበላ አሁን ገባኝ እንዳለ ነገረችኝ። ከዚያ ገመዱን አስረዳት። አሁን ኮከቡ በዚያው መንጠቆ ላይ፣ በድሮው አምፖል፣ ከሮቦቱ መታጠቢያ ጋር ተያይዟል። ሮቦቱ መታጠብ ሲጀምር ኮከቡ ይበራል፤ ታጥቦ ዓይኑን ሲገልጥ ኮከቡ ይጠፋል። እንደ ድሮው ከጨለመ እስክንተኛ አይበራም፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ሲበራ ግን የምታውቂው ብርሃን ነው። ከወጥ ቤቴ አረጋግጫለሁ። ኮከቡ በበራ ቁጥር ደግሞ ቱሬ ለጥቂት ጊዜ ሥራ የለውም፤ ገብቶ ቡና ይጠጣል። ሚርያ መብራቱን አይታ ነው ውሃ የምትጥደው።

ዛሬ ጠዋት ቱሬ ወተት ይዞልኝ መጣ። ወትሮ በሩ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ዛሬ ግን ቆመ። ከጫማው ላይ በረዶውን ሲያራግፍ ቆየና፣ "ቲቸር፣ እማዬ በየትኛው አውቶብስ ነው የምትመጣው?" አለኝ።

"አልመጣም ብላለች እኮ" አልኩት።

"እሱን አልጠየቅኩም" አለኝ።

ከዚህ የበለጠ ከእሱ አትጠብቂ፣ አስታ። ይቅርታ የሚለውን ቃል አፉ አያወጣውም፤ ያለበት ጥፋትም አይታየኝም። ይህን ጥያቄ ይዞ ማሳውን በእግሩ አቋርጦ መምጣቱን ግን እንደ ሙሉ መልስ ቁጠሪለት። እኔ ቆጥሬለታለሁ።

ስለዚህ የሚከተለውን አጣርቻለሁ። በገና ዋዜማ ዋዜማ ከጎተንበርግ የሚነሳው የቀኑ ባቡር ቬርናሞ ያደርስሻል። ሲግኔ እስከ ባቡሩ ትሸኝሻለች፤ ተነጋግረናል። ከቬርናሞ የከሰዓት በኋላውን አውቶብስ ያዢ። ደረጃው ዝቅ ያለ ስለሆነ ለዳሌሽ አይከብድም፤ ሹፌሩም ዕቃሽን ያወርድልሻል። አውቶብሱ በቤተ ክርስቲያኑ ታጥፎ በረቱ አጠገብ ሲያልፍ ጨልሞ ይሆናል። የሮቦቱን መታጠቢያ በእጅ ማስጀመር እንደሚቻል ቱሬ ነግሮኛል፤ አውቶብሱ ቢዘገይም ቆሞ ይጠብቃል። የአውቶብሱን መብራት ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲያይ ቁልፉን ይጫንና ኮከቡ ይበራልሻል።

በአውቶብሱ በግራ በኩል ተቀመጪ። በቀኝ በኩል የሚታየው ሐይቁ ብቻ ነው።

የምትጠብቅሽ ጎረቤትሽ፣
ጉንቮር